ስክሪንሽን ከመስቀልሽ በፊት

ልጄ፣ አዲሱ ሞኒተርሽ እጅሽ መግባቱን ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለሽ። ማቆሚያ ልትገዢለት መሆኑንም ሰማሁ። ስልክሽ ላይ ሦስት አራት ዓይነት ስታገላብጪ አምሽተሽ የሚያምረውን መርጠሻል፣ ለማዘዝም ተቻኩለሻል አሉ። ትጉ ልጅ ነሽ፣ ይህን አልክድም፤ ግን ሜትር ሳታነሺ ቦርሳ የምታነሺ ልጅ ነሽ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የሰው ጠረጴዛ ሥር እየገባሁ ገመድ ስስብ፣ ስክሪን ሳወጣና ሳወርድ ነው። ያየሁትን በተራ እነግርሻለሁ። አንዱንም አትዝለዪ።

1. ከስክሪኑ በፊት ወንበርሽን አስተካክዪ። የስክሪን ቁመት የሚለካው ከተቀማጩ ዓይን ነው፤ ወንበሩ ካልተስተካከለ ደግሞ ዓይን አንድ ቦታ አይረጋም። እግርሽ ሙሉ በሙሉ መሬት ይርገጥ፣ ክርንሽ ሲታጠፍ ከጠረጴዛው ፊት ጋር እኩል ይሁን፣ ጀርባሽ መደገፊያውን ይንካ፣ ትከሻሽ ይውረድ። ወንበርሽ ከፍ ዝቅ የማይል የእንጨት ወንበር ከሆነ ትራስ ጨምሪበት፤ በትራሱ ምክንያት እግርሽ ከተንጠለጠለ ከሥሩ የሚረገጥ ነገር አስቀምጪ። ይህን ትተው መጀመሪያ ማቆሚያ፣ ቀጥሎ ወንበር የገዙ ሰዎች አሉ፤ የቀድሞው ልክ ሁሉ ፈርሶባቸው እንደገና አስጠርተውኛል።

2. ከዚያ ከጠረጴዛው እስከ ዓይንሽ ያለውን ለኪ። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንሽ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፤ መሐሉ ደግሞ ዓይንሽ ቀጥ ብሎ ከሚያይበት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ታች ይዋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ የሚመክረውም ይህንኑ ነው፤ ርቀቱን ከ50 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል። ክንድሽን ዘርግተሽ የጣትሽ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ ለመጀመሪያ ልክ ይበቃሻል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ቀጥ ብለሽ ተቀመጪና ወንድምሽ ይለካልሽ፤ ከጠረጴዛው ፊት እስከ ዓይንሽ 45 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ባለ 24 ኢንች ሰፊ ስክሪን መስታወቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ከነጠርዙ 32 ብትዪው፣ ከሥሩ የሚቀረው ክፍተት 13 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። ባለ 27 ኢንች ከሆነ ግን መስታወቱ ብቻ 34 ስለሚጠጋ ክፍተቱ ወደ 9 ይወርዳል። አየሽ፣ ስክሪን በተለቀ ቁጥር ማቆሚያው ማጠር አለበት። ሰው ግን ትልቅ ስክሪን ሲገዛ ትልቅ ማቆሚያ የሚያስፈልገው ይመስለዋል፤ ሰቅሎት ሲያበቃ አንጋጦ ሲያይ ይውላል።

ማንጋጠጥም ማጎንበስም ዋጋ አላቸው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንገት ቀጥ ሲል አጥንት ይሸከመዋል፣ ሲዘም ግን ሸክሙ ጡንቻ ላይ ይወድቃል። ጠዋት አይታወቅሽም፤ ዓይን የወደደውን አንገት ማታ ይከፍላል።

3. ከመግዛትሽ በፊት በወረቀት ሞክሪ። 500 ወረቀት የያዘ ባለ 80 ግራም የኤ4 እሽግ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ካንቺ ቢሮም ሆነ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሁለት ተውሰሽ አምጪ፣ ስክሪኑን ከነእግሩ አስቀምጪበትና አንድ ሳምንት ሥሪ። አንዱ ይበቃል ወይ? ሁለቱ ይበዛሉ ወይ? በወረቀት የሚገኝ መልስ ከሻጭ አይገኝም፤ ሻጩ ያንቺን አንገት አያውቀውም። አባትሽ ማታ ማታ ኮምፒውተርሽን የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ እሱንም አስቀምጠሽ እዪ። ባለ ሁለት እይታ መነጽር የሚያደርግ ሰው የቅርቡን የሚያነበው በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ነው፤ ስክሪኑ ለአንቺ ልክ ሲሆን እሱ አገጩን አንስቶ ሲያነብ ታገኚዋለሽ። እንደ እኛ ላለው ሰው ስክሪን ዝቅ ማለት አለበት።

4. የጎደለሽ ጥቂት ከሆነ አናጢ ጋ ሂጂ። ከፋብሪካው እግር ጋር የመጣ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው አንድ እሽግ ያህል ነው። ለ5 ሴንቲ ሜትር ብሎ ውድ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ከተረፈ ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ መደርደሪያ ቢጤ ይሠራልሻል። ልኩን ግን አንቺ ስጪው፤ አናጢ ልክ ካልተሰጠው የራሱን ዓይን ይከተላል። ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ጥልቀቱ የስክሪኑን እግር ሙሉ በሙሉ የሚይዝ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ርዝመቱ ኪቦርድሽን ከሥሩ የሚያስገባ። ርዝመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሐሉ ላይ ሦስተኛ እግር ይጨምርበት፣ ቺፕውድ ከሸክም ጋር ሲኖር በጊዜ ብዛት ይጎብጣል። ጠርዙ በሙሉ ይለበጥ፤ ያልተለበጠ ቺፕውድ ቡና ሲፈስበት ያብጣል፣ ካበጠ ደግሞ አይመለስም።

የድሮው ኮምፒውተር በከፍታ በኩል ማንም ሳያስበው ይሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው አይቢኤም ፒሲ ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ይጋደምና ስክሪኑ ከላዩ ይቀመጥ ነበር፤ ሳጥኑ ራሱ ማቆሚያ ነው። በኋላ ሳጥኑ ቆመና ወለል ላይ ወረደ፣ ስክሪኑም ከፍታውን አጣ። እኛ አሁን በእንጨት የምንመልሰው ያንን የጠፋ ከፍታ ነው።

ውድ ስለሆነ ይሻላልም አትበዪ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሮ ዲስፕሌይ ኤክስዲአር ያለውን ስክሪን ሲያስተዋውቅ ማቆሚያውን ለብቻው 999 ዶላር ብሎት አዳራሹ ሙሉ አጉረምርሟል። አሠራሩ ግሩም ነው፣ አልከራከርም። አንገት ግን በዶላር የተያዘ ከፍታና በጣውላ የተያዘ ከፍታ አይለይም።

5. ክንድ የሚያስፈልግሽ መቼ እንደሆነ እወቂ። ሻጮቹ ሞኒተር አርም የሚሉትን፣ ስክሪኑን ያለ እግሩ አንጠልጥሎ የሚይዘውን ማለቴ ነው። ጠረጴዛሽ ጠባብ ሆኖ የስክሪኑ እግር መጻፊያ ቦታሽን ከበላብሽ ግዢ። ቁመቱ ከቁመትሽ የማይገጥም ሰው ጋር ስክሪኑን የምትጋሪ ከሆነ፣ አንዳንዴ ቆመሽ አንዳንዴ ተቀምጠሽ የምትሠሪ ከሆነ፣ ወይም ረጅም ሰነድ ለማንበብ ስክሪኑን በቁሙ የምታዞሪ ከሆነም ግዢ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ክንዱ የሚያገለግልሽ ለፎቶ ነው። በየቢሮው ስዞር ከተሰቀለበት ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተንቀሳቀሰ ክንድ ብዙ አይቻለሁ። አንዴ ተስተካክሎ የሚቀር ከሆነ በቋሚ ብረት ላይ በብሎን የሚጠብቀውን ምረጪ፤ ሞላም ጋዝም የለውም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፣ ከዓመታት በኋላም ቀስ እያለ አይወርድብሽም።

6. የስክሪኑን ጀርባ ገልብጠሽ እዪ። መሐሉ ላይ በካሬ የተደረደሩ አራት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ ክንድ ይቀበላል፤ ከሌሉ በቀጥታ አይቀበልም። ልኩን ያወጣው ቬሳ የሚባለው የስክሪን ነገር ደረጃ አውጪ ማኅበር ነው፤ ለጠረጴዛ ስክሪኖች የተለመዱት ሁለቱ ልኮች 75 በ75 እና 100 በ100 ሚሊ ሜትር ናቸው። ከአንዱ ቀዳዳ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል በማስመሪያ ለኪ። የአንዳንዱ ስክሪን ቀዳዳ ከእግሩ መገጣጠሚያ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጥ እግሩን ሳትፈቺ የለውም ብለሽ አትደምድሚ። እግር የሌለው ያገለገለ ስክሪን በርካሽ ስታገኚም መጀመሪያ የምታዪው ይህንን ነው፤ ቀዳዳው ካለ እግር ማጣቱ ጉዳት አይደለም፣ ቀዳዳው ከሌለ ግን ግድግዳ ላይ አስደግፈሽ ልትኖሪ ነው።

ብሎኑ ኤም4 ነው፣ ማለትም ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው። የጠፋ ብሎን ለመተካት ሱቅ ስትሄጂ አንዱን ይዘሽ ሂጂ፤ ረጅም ብሎን በካቻቪቴ ተገፍቶ ሲገባ ከውስጥ ያለውን ነገር ይወጋል፣ የተወጋ ስክሪን ደግሞ ጠጋኝ የለውም። ቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ የገቡ፣ ወይም ጀርባው ጎበጥ ያለ ከሆነ የክንዱ ሳህን አይደርስላቸውም፤ ያኔ መሐል የሚገቡ አጫጭር ቱቦዎችና ረዘም ያለ ብሎን ያስፈልጋሉ። በካርቶኑ ውስጥ መኖራቸውን ጠይቂ።

7. ስክሪኑን መዝኚ፣ ያለ እግሩ። ሰው የክንዱን ከፍተኛ የመሸከም አቅም ያይና ይረካል። ባለ ሞላና ባለ ጋዝ ክንድ ግን ዝቅተኛ ልክም አለው። ሞላው ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋል፤ ስክሪኑ ከቀለለው አልወርድም ይላል፣ ዝቅ ስታደርጊው ተመልሶ ይነሳል። ኤርጎትሮን ኤልኤክስ የሚባለው የታወቀ ክንድ ለምሳሌ ከ3.2 እስከ 11.3 ኪሎ ነው የሚሸከመው። ባለ 24 ኢንች ስክሪን ደግሞ ያለ እግሩ 3 ኪሎ ገደማ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ጠንካራ ነው ብለሽ የገዛሽው ክንድ ላንቺ ስክሪን ከመጠን በላይ ጠንካራ ሊሆንብሽ ይችላል ማለት ነው። የሰው ሚዛን ላይ አንዴ ባዶሽን፣ አንዴ ስክሪኑን ታቅፈሽ ውጪ፤ ልዩነቱ መልሱ ነው። ክብደቱ በክንዱ ሁለት ልኮች መሐል አካባቢ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ጎባጣና በጣም ሰፊ ስክሪን ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ወደ ፊት ስለሚያደላ አንገቱ ላይ ያለው ማጠፊያ ይደክማል፣ አቅሙን ሰፋ አድርገሽ ግዢ።

8. የጠረጴዛሽን ጠርዝ ፈትሺ፤ ሌላውን ብትረሺ ይህን አትርሺ። የተሰበረ ክንድ ያየሁት ጥቂት ነው፤ ክንድ የሰበረው ጠረጴዛ ግን ስንቱ! ክንዱ የሚቆመው የጠረጴዛውን ጠርዝ ከላይና ከታች በሚነክስ ሞርሳ ነው። 5 ኪሎ የሆነ ስክሪን ከሞርሳው 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲቆም፣ የሞርሳው ብረት 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ካለው፣ ጫፉ ላይ የሚያርፈው ግፊት 25 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ይህ ቀንም ሌሊትም ነው፣ እሑድም አያርፍም። ድፍን ጣውላ ግድ የለውም። ቺፕውድ ግን የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ግፊት አንድ ቦታ ሲከማችበት ይሰረጉዳል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ስክሪኑም ቀስ እያለ ወደ አንቺ ያዘነብላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ብየዳ ቤት ሄደሽ ከመዳፍ ሰፋ ያሉ ሁለት ቁራጭ ላሜራ አስቆርጪ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ ጠርዛቸውን በሞረድ ያለስልሱልሽ። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጊና ሞርሳው እነሱን ይንከስ። ውስጡ ባዶ ሆኖ በተጣጠፈ ወረቀት የተሞላ ቀላል ጠረጴዛም አለ፤ በጣትሽ መገጣጠሚያ አንኳኪው፣ ባዶ ድምፅ ከሰጠሽ ላሜራም አያድነውም። መስታወት ጠረጴዛ ላይማ ወሬውንም አታንሺ።

እጅሽን ከጠርዙ ሥር ሰደሽ ዳብሺ። የሚገጠምበት ቦታ ላይ የቱቦላሬ ብረት ወይም መሳቢያ ካለ የሞርሳው የታችኛው መንጋጋ መግቢያ የለውም። የጠረጴዛውን ውፍረትም በሚሊ ሜትር ለኪና ክንዱ እስከ ስንት እንደሚይዝ አነጻጽሪ። ጠረጴዛው ራሱ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እግሩን አስጠብቂ፤ ክንድ መወዛወዝን ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም፣ ኪቦርድ በነካሽ ቁጥር ፊደሉ ሁሉ ይንቀጠቀጥብሻል።

9. ከጠረጴዛው በስተኋላ ያለውንም አስቢ። ክንድ ክርን አለው፤ ስክሪኑን ወደ ኋላ ስትገፊው ክርኑ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን መውጣት አለበት። ጠረጴዛሽ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ክርኑ ግድግዳ ይመታና ስክሪኑ ወደ ፊት ይቀራል፤ ጠረጴዛው 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ካለው አፍንጫሽ ሥር መጣ ማለት ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ ሳብ ማድረግ ካልቻልሽ በጎን በኩል የሚታጠፍበት ቦታ ተዪለት።

ግድግዳው ላይ ልስቀለው ካልሽ ግድግዳውን እወቂው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ፊሸሩ ባዶው ላይ ካረፈ ብሎኑ ይዞራል እንጂ አይዝም። የጂብሰም ግድግዳ ከሆነ ከኋላው ያለውን ብረት ፈልጎ ማግኘት ግድ ነው። የጭቃ ግድግዳ ስዕል ይሸከማል፣ ወደ ፊት የሚዘረጋ ክንድ አይሸከምም። ደግሞ የተከራየሽው ቤት ነው፤ ትራፓኖ ከማንሳትሽ በፊት አከራይሽን እትዬን አስፈቅጂ።

10. ሁለት ስክሪን ሲኖርሽ አንዱን አለቃ አድርጊ። አብዛኛውን ሰዓት የምታዪው ፊት ለፊትሽ ይቁም፣ ሌላው ከጎን ዘወር ይበል። ሁለቱን ግራና ቀኝ እኩል አድርጎ መጋጠሚያቸውን አፍንጫ ፊት ማስቀመጥ ያምራል፤ ሁለቱንም እኩል ካልተጠቀምሽባቸው ግን አንገትሽ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ይውላል። ባለ ሁለት እጅ ክንድ ስትገዢ የተጻፈው አቅም ለእያንዳንዱ ይሁን ለሁለቱ ተደምሮ አጣሪ።

11. ላፕቶፕ ከፍ ካደረግሽ ኪቦርድና ማውዝ ለብቻ ግዢ። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ከፍ ባለ ላፕቶፕ ላይ እጅ አንስቶ መጻፍ አንገትን አድኖ ትከሻን መግደል ነው።

12. የምትሰቅዪበት ቀን ሰው ጥሪ፣ ብቻሽን አትሞክሪው። ጋቢ አጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አንጥፊና ስክሪኑን በፊቱ አስተኚው፤ መሐሉን አትጫኚ። አራቱን ብሎኖች መጀመሪያ በጣትሽ አስገቢ፣ ከዚያ በማዕዘን ተሻጋሪ አጥብቂ፣ እምቢ ሲልሽ አቁሚ። ሰቅለሽው ስክሪኑ ብቻውን ከወረደ ወይም ከተነሳ ክንዱ ተበላሽቷል አትበዪ፤ ማጠፊያው ላይ ያለውን የማስተካከያ ብሎን አብሮት በመጣው ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ጥቂት በጥቂት እያዞርሽ፣ በተተወበት እስኪቆም አስተካክዪው። ገመዶቹን ከማሰርሽ በፊት ክንዱን እስከ ጥጉ ዘርጊውና የሚፈልጉትን ርዝመት ተዪላቸው፤ ጠብቆ የታሰረ የኤችዲኤምአይ ገመድ የስክሪኑን መሰኪያ ይሰብራል። ከወር በኋላ ሞርሳውን እንደገና ፈትሺ፣ ቺፕውድ ትንሽ ስለሚሰምጥ ይላላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወደፊቱ። ቤት ስትቀይሪ ስክሪኑን ከክንዱ ከማውለቅሽ በፊት ክንዱን እስከ መጨረሻው ወደ ላይ አንሺው። ዝቅ ብሎ ሳለ ከፈታሽው ሞላው ይገፋው የነበረውን ክብደት ያጣል፤ ክንዱም ተፈናጥሮ አገጭሽን ይመታዋል።